የተበደሩት ብር፣ የመለሱት ብር

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር ወደ 75 ብር ተጠጋ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቆት ነበር። ወር ሳይሞላ 100 ብር ታለፈ። በዚያ ሰሞን ስለ ወጪ ንግድና ስለ አገሪቱ ዕዳ ብዙ ተባለ። ከዚያ ሁሉ ክርክር ሥር ግን የሃይማኖት ሊቃውንት ለዘመናት የተሟገቱበት ጥያቄ ተኝቶ ነበር፤ መቶ ብር የተበደረ ሰው መቶ ብር ሲመልስ የተበደረውን መለሰ ወይ?

ጥያቄው ከዕቁብ ይልቅ የሚጎላበት ቦታ የለም። አሥራ ሁለት ሰዎች በጥር 2016 ዕቁብ ጀመሩ እንበል፤ መዋጮው በወር 10 ሺህ ብር ነው። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣላት ሴት 120 ሺህ ብር ተቀበለች። በዚያን ጊዜ የባንክ ዋጋ ይህ 2,100 ዶላር ያህል ነው። በታኅሣሥ 2017 የመጨረሻውን ዕጣ የወሰደው ጎረቤቷም 120 ሺህ ብር ቆጥሮ ተረከበ፤ የእሱ ግን 1,000 ዶላር እንኳ አይሞላም። እውነት ነው፣ የገበያው ዋጋ ሁሉ በዚያው ልክ አልዘለለም፤ ብዙው የውጭ ዕቃ አስቀድሞም በጥቁር ገበያ ምንዛሪ ይሸጥ ነበር። ቢሆንም ሴትዮዋ የስፌት መኪና የገዛችበት ገንዘብና ጎረቤቷ እጅ የገባው ገንዘብ አንድ አይደሉም። ማንም ማንንም አላታለለም። ከዕቁቡ ጸሐፊ መዝገብ አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም።

የእምነት መጻሕፍት በሚዛን ጉዳይ ቸልተኛ አይደሉም። ነቢዩ አሞጽ መስፈሪያውን አሳንሰው መመዘኛውን የሚያከብዱ ነጋዴዎችን ገሥጿል፤ ቁርኣን በስፍር የሚያጎድሉትን የሚያስጠነቅቅ ሙሉ ምዕራፍ አለው። እዚያ ግን አጥፊው ይታያል፤ መስፈሪያውን የያዘ እጅ አለው። መስፈሪያው ራሱ በሁሉም እጅ ውስጥ በአንድ ሌሊት ሲያንስስ ተጠያቂው ማን ነው?

በ14ኛው መቶ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊ ኒኮል ኦሬም፣ በኋላም ጳጳስ የሆነው፣ ለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ ነበረው። ገንዘብ የሚጠቀምበት ሕዝብ ሀብት እንጂ የንጉሡ ንብረት አይደለም። ንጉሥ ሳንቲሙን ሲያረክስ ከአራጣ አበዳሪ የከፋ በደል ይፈጽማል፤ አራጣ ተበዳሪ ቢያንስ ወዶና አውቆ ይበደራልና።

በእስልምና የሐነፊ የሕግ ትምህርት (መዝሀብ) ሊቃውንት ደግሞ ነገሩን ከባለዕዳው በኩል ነው የያዙት። በመዳብ ሳንቲም የተበደረ ሰው የሳንቲሙ ዋጋ ቢወድቅ ምን ይመልስ? አቡ ሐኒፋ ያንኑ ቁጥር ይመልስ አለ። ተማሪው አቡ ዩሱፍ ግን በተበደረበት ቀን የነበረውን ዋጋ ይመልስ ሲል ከመምህሩ ተለየ። በ1988 እ.ኤ.አ. ኩዌት ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእስልምና ሕግ (ፊቅህ) አካዳሚ ለወረቀት ገንዘብ የቁጥሩን መንገድ መረጠ። ስጋቱ ሊናቅ አይገባም፤ ዛሬ ስለ ወደቀው ብር ተብሎ የተጨመረ ገንዘብ ነገ ወለድ የሚገባበት በር ይሆናል።

በአማርኛ ጥያቄው ከስሙ ይጀምራል። ብር ማለት መጀመሪያ ማዕድኑ ነው። ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። አያቶች በላዩ በተቀረጸችው ንግሥት ደረት ላይ ያለውን ጌጥ አገላብጠው እያዩ፣ የፈርጡን ነጠብጣብ እየቆጠሩ ነበር የሚቀበሉት። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣ ስሙ ቀረ፣ ማዕድኑ ሄደ። ያኔ ሁለት ብር ተኩል ገደማ አንድ ዶላር ይገዛ ነበር። በ1965 ዓ.ም. ዋጋው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ አብዮት መጣ፣ ድርቅ መጣ፣ ጦርነት መጣ፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በደርግ መጨረሻ ጥቁር ገበያው ከእጥፍ በላይ ሲጠራ ባንክ ያንኑ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ይል ነበር። ይህ ልብ ሊባል ይገባዋል። የሚወድቅ ቁጥር ያስደነግጣል፤ ያልተነቃነቀው ቁጥር ግን ለሃያ ዓመት ያህል እውነቱን ሸፍኖ ኖረ። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሲባል የተገለጠው አስቀድሞ የሆነው ነገር ነው። በ2002 መጨረሻ 16 ብርን አለፈ፣ በ2010 ጥቅምት ወደ 27 ተጠጋ።

ታዲያ ብድሩን በእህል ማድረግ ይሻላል? የገጠር ሰው ይህንንም ሞክሮታል። በነሐሴ፣ ጎተራ ሲራቆት የተበደረውን ቁና ጤፍ በጥር፣ አውድማ ሲሞላ ይመልሳል። ቁናው ያው ቁና፣ ጤፉ ያው ጤፍ ነው። የነሐሴ ቁና ግን ልጅ ከረሃብ ያድናል፤ የጥር ቁና ጎተራ ላይ ይደረባል። ብሩ ማዕድኑም ቢሆን ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ገበያ ዋጋው ሲወርድ ጠገራውን ይዞት ወርዷል። ሳይለወጥ የሚቆይ መስፈሪያ ፍለጋ መሬትም ሰማይም ቢታሰስ ከንቱ ነው።

ስለዚህ ዳኛ በቁጥር መፍረዱ ትክክል ነው፤ ሌላ የሚይዘው ነገር የለውም። ባለዕዳ ግን ዳኛ አይደለም። ከብሩ መውደቅ ያተረፈ ሰው ትርፉ ከማን ኪስ እንደወጣ ያውቃል፤ ይህን እያወቀ «ቆጥሬ መልሻለሁ» ብሎ መተኛት ከሕግ ነጻ ቢያወጣውም ከወዳጁ ዕዳ አያወጣውም። ሳይጠየቅ በፈቃዱ የሚጨምረው ነገር ደግሞ አራጣ አይባልም፤ አበዳሪው አላስገደደውም፣ ውልም የለበትም።

ዕቁብተኞች ይህን ከጥንት ያውቁታል። አንዱ ቤት ሕመም ሲገባ ዕጣ የወጣለት ሰው ተራውን ለቆለት ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መዝገቡ ላይ ስሙ ይቀያየራል እንጂ የተለቀቀው ነገር ዋጋ አይጻፍም። በጥር የስፌት መኪና የገዛችው ሴትም የመጨረሻው ዕጣ የደረሰው ጎረቤቷ ቤት ጎራ ብላ የልጆቹን የትምህርት ቤት ልብስ ልክ ወስዳ ብትሄድ፣ ጸሐፊው የሚመዘግብበት ዓምድ የለውም።