የሉሲ ስቶን ሰርግና ያጋባቸው ቄስ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 1 ቀን 1855 ማለዳ ላይ፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከዌስት ብሩክፊልድ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ባለ አንድ የገበሬ ቤት ሰርግ ነበር። ሙሽራዋ ሉሲ ስቶን የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ የዚያው ቤት ልጅ ናት። ሙሽራው ሄንሪ ብላክዌል ኦሃዮ ውስጥ ሲንሲናቲ የሚነግድ የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ሰባት ዓመት ያህል ታናሿ ነው። ይህ ሰርግ እስከ ዛሬ የሚነሳው በድግሱ አይደለም። የሚነሳው በዕለቱ በተነበበ አንድ ወረቀትና ወረቀቱን ወድዶና አምኖበት ባጋባቸው ቄስ ነው።

ሉሲ አላገባም ብላ የኖረች ሴት ነበረች። በ1847 ከኦበርሊን ኮሌጅ ስትመረቅ ከማሳቹሴትስ ሴቶች የመጀመሪያ ዲግሪ በማግኘት ቀዳሚዋ ሆነች። ከዚያ በኋላ ከከተማ ከተማ እየዞረች ባርነት ይቅር፣ የሴቶችም መብት ይከበር ትላለች፤ በንግግሯም ጥሩ ገንዘብ ታገኛለች። ባገባች ማግስት ግን ያ ገንዘብ የእሷ መሆኑ ያበቃል። አሜሪካ ከእንግሊዝ በወረሰችው ሕግ ያገባች ሴት በባሏ ተጠቅልላ ትጠፋለች፤ የላቧን ዋጋ የሚወስደው እሱ፣ በልጆቿ ላይ አዛዡም እሱ ነው። የሚያሾፉባት ጋዜጦችም ነበሩ፤ አንደኛው በሰርግ መሳም አፏን የሚዘጋ ወንድ እንዲገኝ በግጥም እስከ መመኘት ደርሷል።

ሄንሪ ሁለት ዓመት ያህል ደጅ ጠናት። እምቢ አለችው፤ እሱም አልተወም። በ1854 ኦሃዮ ውስጥ የባርነት ተቃዋሚዎች አንዲት በባርነት የተያዘች ትንሽ ልጅ ነጻ ሊያወጡ ከባቡር ላይ ሲወስዱ አብሯቸው መኖሩ ልቧን እንዳራራው ይነገራል። የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ዛሬም አሉ። የሚደንቀኝ ከፍቅሩ እኩል ድርድሩ መብዛቱ ነው። የምታገኘው ገንዘብ የማን ይሆናል? የት ይኖራሉ? እናት የምትሆንበትን ጊዜ የሚወስነው ማነው? ሄንሪ ሕግ ለባል የሚሰጠውን ብልጫ ሁሉ እተዋለሁ አላት፤ ይህንንም በጓዳ ተነጋግረው ከሚተዉት በሰርጋቸው ቀን በጽሑፍ፣ በሰው ፊት እንዲያውጁት ፈለገ።

የሰርግ ዝግጅት ማለት ለእኔ ይኸኛው ክፍል ነው። ሌላው ሁሉ በገንዘብ ይገኛል። ሉሲ ልብስ አልናቀችም፤ የጽጌረዳ አመድ የመሰለ ቀለም ያለው የሚያምር የሐር ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ በሥነ ሥርዓቱም ላይ እንደ ማንኛዋም የመንደር ሙሽራ አልቅሳለች። ይህንን የምናውቀው ያጋባቸው ቄስ ስለጻፈው ነው። ብቻ ቀሚሱ የመጣው ዋናው ነገር ካለቀለት በኋላ ነው፤ ምን እንደሚባል ከተስማሙ በኋላ።

አሁን ወደ ቄሱ ልምጣ፤ ብዙ ሙሽሮች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና። ቶማስ ዌንትወርዝ ሂጊንሰን ይባላል፤ የዎርስተር ከተማ የነጻ ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር። ከዚህ ሰርግ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንቶኒ በርንስ የሚባል ከባርነት ያመለጠ ሰው ቦስተን ውስጥ ተይዞ ሲታሰር፣ የፍርድ ቤቱን በር ሰብረው ሊያስፈቱት ከሞከሩት አንዱ እሱ ነው፤ አገጩ ላይ ቆስሎ ተመልሷል። በኋላም በእርስ በርስ ጦርነቱ ከባርነት የወጡ ጥቁር ወታደሮችን ክፍለ ጦር መርቷል። የሴቶች መብት ተሟጋችም ነበር። እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ ሁለት ነገር ተገናኝቷል፦ ቄስ ስለሆነ ያጋባው ጋብቻ በግዛቱ ሕግ ይጸናል፤ ሰውየው ራሱ ደግሞ ሙሽሮቹ የሚሉትን ያምናል። አንዱ ብቻ ቢኖር ኖሮ ሰርጉ ይጎድል ነበር። የማያምን ቄስ ወረቀቱን እየተጨነቀ ይሰማዋል፣ ካልሆነም አይሆንም ይላል፤ ሥልጣን የሌለው ወዳጅ ደግሞ ያማረ ንግግር አድርጎ ሳያጋባቸው ያሰናብታቸዋል።

ወረቀቱ ተቃውሞ ነው። ፍቅራችንን በአደባባይ ባልና ሚስት በመሆን እንገልጻለን፤ ይሁንና ይህ አሁን ያለውን የጋብቻ ሕግ እንደ መቀበል አይቆጠርብን ይላል። ከዚያ የሚቃወሙትን አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ ባል በሚስቱ አካል ላይ ያለውን ሥልጣን፣ በልጆች ላይ ብቻውን አዛዥ መሆኑን፣ ንብረቷን መያዙን፣ የሥራዋን ፍሬ መውሰዱን፣ ሚስት ስትሞት ባል የሚያገኘው ባል ሲሞት ሚስት ከምታገኘው መብለጡን፣ በመጨረሻም ሴት ባገባች ጊዜ በሕግ ፊት መኖሯ የሚታገድበትን ሥርዓት በሙሉ። ሂጊንሰን ሚስት ለባሏ ትታዘዝ የሚለውንም ከቃል ኪዳኑ አወጣው።

በወረቀቱ ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ፤ አበሻ አንባቢ ሲያየው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በመካከላችን ጠብ ቢነሳ በዚህ አድሏዊ ሕግ ወደሚዳኝ ፍርድ ቤት አንሄድም፤ ሁለታችንም የመረጥናቸው አስታራቂዎች ይዳኙናል ይላል። ሽማግሌ ማለት ነው እንግዲህ! እኛ ዘንድ ሽማግሌ ከሰርጉ በፊት ይላካል፣ ከሰርጉም በኋላ ይጠራል። እነዚህ ሁለቱ ከዜሮ ተነስተው በጽሑፍ አቋቋሙት። የእኛ የሰማንያ ጋብቻ ደግሞ ዋስ ተጠርቶ፣ ሀብት ተቆጥሮ፣ በእኩል ነው ወይስ በሌላ ተብሎ በሰው ፊት የሚታሰር ውል ነበር። ለራስ ኑሮ የሚስማማ ቃል በሰርግ ላይ ማሰማት ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ካለ አያቶቹን ይጠይቅ።

ሂጊንሰን ሲጨርስ ሥራዬ አለቀ ብሎ አልተቀመጠም። ወረቀቱን ከራሱ ደብዳቤ ጋር ዎርስተር ስፓይ ለሚባለው ጋዜጣ ላከው። ባጋባ ቁጥር የዚህ ሕግ ግፍ እንደሚሰማው ጽፎ ሌሎች ቄሶችም እንዲያስቡበት አሳሰበ። እንዲህ ያለ አጋቢ በኪራይ አይገኝም ሊባል ይችላል። ይገኛል፤ ግን ተፈልጎ ነው።

ወረቀቱ ሕጉን አልለወጠም፤ ይህንን ሁለቱም አላጡትም። ነገር ግን የኑሯቸው መመሪያ ሆነ። ኒው ጀርሲ ኦሬንጅ ውስጥ የነበራቸው ቤት በሉሲ ስም ነበር፤ በ1858 ድምፅ የማልሰጥ ሰው ግብር አልከፍልም ብላ የቤት ዕቃዋ በሐራጅ እስኪሸጥ ታገለች። ስሟንም አልቀየረችም። የአባትሽን ስም ይዘሽ አገባሽ ማለት ለእኛ ምንም ወሬ የሌለው ነገር ነው፤ በዚያ አገር ግን ጉድ ተባለ። በ1879 ማሳቹሴትስ ሴቶች ለትምህርት ቤት ቦርድ እንዲመርጡ ሲፈቅድ መዝጋቢው ሚስስ ብላክዌል ካልተባልሽ አልመዘግብሽም አላት፤ እሷም ሳትመርጥ ቀረች። ትዳሩስ? ፈተና ገጥሞታል፤ ሄንሪ በመሬት ንግድ ብዙ ጊዜ ገንዘብ እያጠፋ አስጨንቋታል። ያም ሆኖ በ1893 እስክትሞት ድረስ ለሠላሳ ስምንት ዓመት ባልና ሚስት ሆነው ኖረዋል፤ ዉመንስ ጆርናል የሚባለውን ጋዜጣም አብረው አዘጋጅተዋል።

ከዚህ ሰርግ የምወስደው ቅደም ተከተሉን ነው። ዛሬ በዋሽንግተን አካባቢ አበሻ ሙሽሮች አዳራሹን ከዓመት በፊት ይይዛሉ፣ ኬክ ይቀምሳሉ፣ ዲጄ ያማርጣሉ፣ ሚዜዎቹ የሚለብሱት ቀለም ያጣላል፤ የሚያጋባቸው ሰው ግን ሰርጉ ሲደርስ ይታሰባል። በቤተ ክርስቲያን ተክሊል ለሚያደርግ ወይም ኒካህ ለሚያስር ሰው ይህ ጭንቀት የለም፤ ሥርዓቱ ከጥንት የተሠራ ስለሆነ ሙሽራው ቃል ልጨምር አይልም። ካህኑን ይህንን ዓረፍተ ነገር አውጣልኝ ማለትም ነውር ነው። የራሱን ቃል የሚፈልግ ሌላ መድረክ ይፈልግ፤ ሁለቱን የሚያደርጉም ብዙ ናቸው፤ ችግር የለውም።

ሌላ መድረክ የሚፈልግ ግን መጀመሪያ የቦታውን ሕግ ይጠይቅ። በ1838 ፊላደልፊያ ላይ አንጀሊና ግሪምኬና ቴዎዶር ዌልድ ያለ አጋቢ ተጋብተዋል፤ ፔንሲልቬኒያ በምስክሮች ፊት መጋባትን ትፈቅድ ነበርና። አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ቄስ ጸለዩ እንጂ አላጋቧቸውም። ያንኑ ሌላ ግዛት ቢሞክሩት ላይጸና ይችል ነበር። ዛሬም እንዲሁ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ሙሽሮቹ ራሳቸው እንዲጋቡ ትፈቅዳለች። ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ግን፣ ቄስ ያልሆነ ወዳጃቸው እንዲያጋባቸው ከፈለጉ ፍርድ ቤት ቀርቦ የ500 ዶላር ዋስትና አስገብቶ ለዚያ ሰርግ ብቻ ሥልጣን መውሰድ አለበት። ሜሪላንድ ላይ ደግሞ የጋብቻ ፈቃዱ የሚሠራው በተሰጠበት ካውንቲ ውስጥ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምንኖር ፈቃዱን እዚሁ አውጥተን አዳራሹን ሌላ ካውንቲ እንይዛለን ማለት አያዛልቅም።

ሕጉ ከታወቀ በኋላ ሰው መምረጥ ነው። ከዋጋው በፊት ቁጭ ብሎ ማውራት ይቀድማል፦ የሚናገረውን ጽፎ አስቀድሞ ያሳያል? ይህ ይውጣ ሲሉት ይሰማል ወይስ የለመደውን ለሁሉም ይደግማል? የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን ድርሻ እንዴት ያካፍለዋል? ስማቸውንስ አስተካክሎ ይጠራል? አያቶች ከፊት ተቀምጠው ሙሉው በእንግሊዝኛ ሲካሄድ ያየ ሰው ለምን እንደምጠይቅ ይገባዋል። አጋቢው የሁለቱን ቤተሰብ ትላልቅ ሰዎች አስቀድሞ ቢያገኝ ደግሞ መልካም ነው፤ አባትየው ልጄን ሳልመርቅ ብለው ሳይታሰቡ ከተቀመጡበት ሲነሱ ንግግሩን አቁሞ መንገድ መስጠት ያለበት እሱ ነውና።

አገር ቤት ነገሩ ቀለል ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል መጋባትን ሦስቱንም ያውቃል። በሹሙ ፊት ለሚጋቡ ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ይቆማል። ሹሙ የሚቀጠር አይደለም፤ የሚለውም የመንግሥት ቃል ነው። ይሁን እንጂ ምስክሮቹን የሚመርጡት ሙሽሮቹ ናቸው፤ ከማዘጋጃ ቤት ሲወጡ በቤተሰብ ፊት የሚሉትንም የሚጽፉት እነሱ ናቸው። የንብረት ውል ካላቸው ደግሞ ያ በጽሑፍ ሆኖ ከሰርጉ ቀን በፊት ወይም በዕለቱ መፈረም አለበት። ስለ ገንዘብ ማውራት ያሳፍራል የሚሉ አሉ፤ ሄንሪና ሉሲ ሳያፍሩ ያወሩት ስለዚሁ ነበር።