አመስጋኙ ማን ነው?

ከአገሩ ርቆ ያለ ደመወዝ የሚያስተምር ሰው ምስጋና እንደሚገባው የሚከራከር የለም። ግን እርሱስ ማንን ያመስግን?

በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። (ሁሉም ወድዶ ነበር ማለት አይደለም፤ ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠል አይፈቀድለትም ነበር።) በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። እስከ ዛሬ የሚወራው ዘማቾቹ ያስተማሩት ነው። ዘማቾቹን ማን አስጠጋቸው፣ ማን አበላቸው ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ከጅማ ከተማ በስተደቡብ ወዳለችው ደዶ አንድ ወጣት በፈቃደኝነት ሊያስተምር ሄደ እንበል። ኦሮምኛ ካልቻለ ቋንቋውን የሚያስተምሩት የራሱ ተማሪዎች ናቸው። ቡናው በሚለቀምበት ወቅት ልጁን ከሥራ አስቀርቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ አባትስ ከመምህሩ ያነሰ ሰጥቷልን?

የጅማ ሕዝብ ከወሎ ድረስ ኪታብ ፍለጋ የሚመጡ ደረሶችን ሲያበላ የኖረ ነው። ደረሳው የበላበትን ቤት በዱዓው ያስባል፤ በእምነታችን የሰውን ውለታ መርሳት የአላህን ጸጋ ከመርሳት ተለይቶ አይታይምና። በጎ ፈቃደኛው መምህርም ያው የበላ እንግዳ ነው፤ ራሱን ግን እንደ ሰጪ ብቻ ሲቆጥር ይታያል።

ጉዳቱም ለተማሪው ይተርፋል። አገሬው እንግዳን ማስከፋት ስለሚያፍር፣ ትምህርቱ ባይገባውም አመስግኖ ዝም ይላል። ባለዕዳ መሆኑን የሚያውቅ መምህር ግን «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ቆሞ ይጠብቃል።