ያመኗት ጀልባ

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ይላል ተረቱ። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ፈረሱን ለመውቀስ ነው። ለመሆኑ ፈረሱን ያመነው ሰው ምን አይቶ አመነ? ጥርሱን ገልጦ፣ ኮቴውን አንሥቶ፣ ሽቅብና ቁልቁል አስጋልቦ ነው ወይስ መልኩን ብቻ ወድዶ? ተረቱ ይህን አይናገርም። ጥያቄው ግን ከዚያው ይጀምራል፤ መመርመር ሲችል ሳይመረምር ያመነ ሰው የሠራው ስሕተት ብቻ ነው ወይስ በደልም ጭምር?

ይህ ጥያቄ ከፈረስ ይልቅ በጀልባ ሲነሣ ይበልጥ ይጠራል። ከፈረስ የወደቀን ሰው መሬት ይቀበለዋል፤ በውቅያኖስ መካከል ጀልባው የከዳውን ሰው ግን የሚቀበለው የለም።

ከሞምባሳ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኪሊፊ፣ ባሕሩ ወደ የብስ ዘልቆ በሠራው ጸጥተኛ ወሽመጥ ውስጥ፣ ከሩቅ አገር የመጡ ባለ ሸራ ጀልባዎች መልሕቃቸውን ጥለው ይታያሉ። ከእነዚህ አንዷን ሊገዛ የመጣ ሰው ይታሰብ። ጀልባዋ አሥራ ሁለት ሜትር ትረዝማለች፤ ከፋይበርግላስ ከተሠራች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ባለቤቷ አርጅቷልና ሸጧት ወደ አገሩ ሊመለስ ይፈልጋል። ገዥው ደግሞ ሚስቱንና የአሥራ ሁለት ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ወደ ሲሼልስ የመሻገር ሕልም ካደረበት ሰንብቷል። መንገዱ ከ900 የባሕር ማይል በላይ ነው፤ በሰዓት አምስት የባሕር ማይል ለምትጓዝ ጀልባ ስምንት ቀንና ስምንት ሌሊት ገደማ ይሆናል። በመካከሉ ወደብ የለም፤ ዳር ይዞ ቆሞ መካኒክ መጥራትም የለም።

ሰውየው ጀልባዋን ገና ከሩቅ እንዳያት ወደዳት። ውስጧ ገብቶ የተወለወለውን እንጨት ዳሰሰ፤ ከትንሿ ምድጃ አጠገብ ቆሞ ሚስቱ ቡና ስታፈላ፣ ልጁ በጠባቡ አልጋ ላይ ተጋድማ ስታነብ በዓይነ ኅሊናው ተመለከተ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጀልባዋን የሚያይበት ዓይን የገለልተኛ ዓይን አይደለም።

የሚመረመረው ነገር ግን ብዙ ነው። በዚያ ዳርቻ ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት ልዩነት ከሦስት ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ጀልባዋን በሙላት ጊዜ አስጠግቶ ከጠንካራ ምሰሶ ጋር ማሰር፣ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ሆዷን ማየት ይቻላል። ባሕሩ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። መርማሪው በትንሽ መዶሻ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ እየመታ ያዳምጣል፤ ጤነኛው አካል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ንብርብሩ የተላቀቀው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። በፋይበርግላሱ ውስጥ ለዓመታት የሰረገ ውኃ በቆዳዋ ላይ እባጭ ያወጣል። የብዙ ጀልባዎች የላይኛው ወለል በሁለት የፋይበርግላስ ቆዳዎች መካከል ቀላል የባልሳ እንጨት የተሞላበት ነው፤ በላላ ብሎን ሥር የገባ ውኃ ያን እንጨት ከውስጥ ሲያበሰብሰው ላዩ እንደ አዲስ ማብረቅረቁን አይተውም።

ደቀሉን፣ ማለትም ሸራው የሚሰቀልበትን ረጅም ምሰሶ፣ ከየአቅጣጫው ወጥረው የያዙት ገመዶች አብዛኛውን ጊዜ «የማይዝግ» ከሚባለው ብረት የተሠሩ ናቸው። ይህ ብረት ዝገትን የሚቋቋመው በገጹ ላይ ያለው እጅግ ስስ ሽፋን ከአየር ኦክስጅን እያገኘ ራሱን ስለሚያድስ ነው። ገመዶቹን ከጀልባዋ አካል ጋር የሚያያይዙት ዝርግ ብረቶች ወለሉን ሰንጥቀው በሚያልፉበት ቦታ ግን አየር እንደ ልብ አይደርስም፤ ጨዋማ ውኃ ግን ይደርሳል። እዚያ፣ ማንም በማያየው ስንጥቅ ውስጥ፣ «የማይዝገው» ብረት ይበላል። አንዱ ከተበጠሰ ደቀሉ ሊወድቅ ይችላል። ከሁሉ በታች ደግሞ ኪል የሚባለው የእርሳስ ወይም የብረት ክብደት አለ፤ ጀልባዋ ነፋስ ገፍቷት ስታዘነብል መልሶ የሚያቀናት እርሱ ነው። በብዙ ጀልባዎች ከአካሏ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው። የብሎኑ ራስ ከውስጥ ይታያል፤ ግንዱ ግን አይታይም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የሞራል ጥያቄ ይነሣል። ሻጩ የሚያውቀውን ነውር ሁሉ የመናገር ግዴታ አለበት? ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ልጅ ግዴታዎች ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ በሦስተኛው ክፍል አንድ ነጋዴ ያነሣል። ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረሀብ ወደ ገባበት ወደ ሮድስ ደሴት ይደርሳል፤ እህል የጫኑ ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውንም ያውቃል። ይንገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ቀጥሎም ነውር ያለበትን ቤት ስለሚሸጥ ሰው ይጠይቃል። ባቢሎናዊው ፈላስፋ ዲዮጋን ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ከተናገረና ካልዋሸ በቂ ነው፣ ዝም ማለትና መሰወር አንድ አይደሉም ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲፓትሮስ ግን ሰው ለሰው የተፈጠረ እስከ ሆነ ድረስ ገዥው የማያውቀውን ሻጩ እያወቀ ሊያስቀርበት አይገባም ሲል መምህሩን ይሞግታል። ሲሴሮ ለደቀ መዝሙሩ ፈረደ።

ሕግ በአንጻሩ ወደ መምህሩ ሲያደላ ይታያል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1893 ያወጣችው፣ ኬንያም ይዘቱን የወረሰችው የዕቃ ሽያጭ ሕግ መሠረቱ «ገዥ ይጠንቀቅ» የሚለው አሮጌ መርሕ ነው። የዚያ ዕቃ ነጋዴ ካልሆነ ግለሰብ የተገዛ ዕቃ ስለ ጥራቱ ሕግ የሚያስብለት ዋስትና የለውም። ከነጋዴ የተገዛ እንኳ ቢሆን፣ ገዥው ዕቃውን መርምሮ ከሆነ፣ ምርመራው ሊገልጠው ይገባ በነበረው ነውር ላይ ይህ ዋስትና አይሠራም። ሻጩ ከዋሸ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዝም ካለ ግን ሸክሙ የገዥው ነው። ሕጉ ጨካኝ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሊናቅ የማይገባው አንድ እውነት ይዟል፤ ማየት የሚችል ሰው አለማየቱ ምክንያት አይሆነውም።

ከሻጩ የበረታ ሌላ አታላይም አለ፤ እርሱም የገዥው የራሱ ልብ ነው። ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ አጥብቆ ያነሣው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ዊሊያም ክሊፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር ባሳተመው ድርሰቱ ስደተኞችን ሊያሳፍር የተዘጋጀ አንድ ባለ መርከብ ያቀርባል። መርከቧ አሮጌ ናት፤ ከመነሻውም በደንብ የተሠራች አይደለችም። ባለቤቷ ይጠራጠራል፤ ማስመርመርና ማሳደስ ግን ወጪ አለው። ስለዚህ ጥርጣሬውን ቀስ በቀስ ያባርረዋል፤ ስንት ማዕበል አልፋ የተመለሰች ናት፣ ፈጣሪም እነዚህን ቤተሰቦች አይጥልም እያለ። በመጨረሻም ከልቡ አመነና በደስታ ሸኛት። መርከቧ ከነተሳፋሪዎቿ ሰጠመች፤ እርሱም የመድን ገንዘቡን ተቀበለ።

የክሊፎርድ ፍርድ ከባድ ነው። ሰውየው ከልቡ ማመኑ አያድነውም፤ በያዘው ማስረጃ ያን የማመን መብት አልነበረውምና። እንዲያውም መርከቧ በደኅና ደርሳ ቢሆን ኖሮ በደሉ ቅንጣት አይቀንስም ነበር፤ ልዩነቱ አለመታወቁ ብቻ ነው። ይህ የተጻፈው በባዶ አየር ላይ አልነበረም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1876፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በሳሙኤል ፕሊምሶል ብርቱ ሙግት መርከቦች የጭነት ወሰን ምልክት እንዲኖራቸው ያስገደደውን ሕግ አውጥቶ ነበር። ክሊፎርድ ራሱም በ1870 የፀሐይ ግርዶሽ ሊያጠና ሲጓዝ በሲሲሊ አጠገብ መርከብ ተሰብሮበት የተረፈ ሰው ነው።

የኪሊፊው ገዥ ከዚያ ባለ መርከብ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ እርሱ ራሱም ይሳፈራል። ይህ ከበደል የሚያነጻው ይመስላል፤ በገዛ ነፍሱ የሚወራረድን ሰው ማን ይከስሰዋል? ሆኖም ብቻውን አይሳፈርም። ልጅቱ ስለ ብሎን አትጠይቅም፤ አባቷ አይቶታል ብላ ታምናለች። የእርሷ እምነት ሞኝነት አይደለም። ልጅ አባቷን ማመኗ በቂ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ግን የአባትየው ማየት ነው። እርሱ ካላየ የእርሷም እምነት ባዶ ይሆናል፤ ባዶ መሆኑን ደግሞ ልታውቅ አትችልም።

ራስን ማታለያው መንገድም ብዙ ነው። ዋጋው ረከስ ይላል ብሎ ሻጩ ወይም ደላላው ያመለከተውን መርማሪ መቅጠር አንዱ ነው። «ሠላሳ ዓመት ያልሰጠመች ዛሬ አትሰጥምም» ማለት ሌላው ነው። ገመዶቹ ይለወጡ የሚለውን የዘገባውን ቃል አንብቦ «መርማሪ ሁልጊዜ እንዲህ ይጽፋል» ብሎ ማለፍም አለ። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ደግሞ የተከፈለው ገንዘብ ራሱ ተከራካሪ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱም ውሸት አይደለም። የክሊፎርድም ባለ መርከብ አልዋሸም።

የተሰወረ ቁስል ምን እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 በአትላንቲክ ላይ ታይቷል። ቺኪ ራፊኪ የምትባል አሥራ ሁለት ሜትር ገደማ የምትረዝም ባለ ሸራ ጀልባ ከአንቲጓ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ ኪሏ ተነቅሎ ተገለበጠች፤ አራቱም መርከበኞቿ ጠፉ። ራፊኪ በስዋሂሊ ወዳጅ ማለት ነው። የአሜሪካ የጦር መርከብ የተገለበጠ አካሏን ሲያገኝ የሕይወት ማዳኛ ታንኳዋ ከማስቀመጫው አልወጣችም ነበር። የእንግሊዝ የባሕር አደጋ መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2015 ባወጣው ዘገባ፣ ጀልባዋ ከዚያ በፊት መሬት እየነካች የደረሱባት ግጭቶችና የተደረጉላት ጥገናዎች ተደማምረው የኪሉን መያዣ አድክመውት ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ቀላል የሚመስል ግጭት እንኳ በዓይን የማይታይ ብርቱ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችልም አስጠነቀቀ።

ታዲያ ሰው ሁሉን እስከ ሥሩ ሳያይ አይመን ማለት ነው? በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ጀልባ አይገዛም፣ ትዳር አይመሠርትም፣ ወዳጅም አያበጅም። ነውር የሌለባት ጀልባ የለችም፤ ማለቂያ የሌለው ምርመራም አንዳንዴ የፍርሃት ሌላ ስሙ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዊልያም ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1896 ለክሊፎርድ የሰጠው መልስ ወደዚህ ያመራል፤ ማስረጃ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰውም የሚያጣው ነገር አለ። ነገር ግን ጄምስ ይህን የፈቀደው ማስረጃ ሊቆርጠው በማይችል፣ ሰውም ሳይወስን ሊያልፈው በማይችል ጉዳይ ላይ ነው። ተነቅሎ ሊታይ የሚችል ብሎን ከዚህ ወገን አይደለም። ዓይን በሚደርስበት ቦታ ተስፋ የዓይንን ሥራ ሊሠራ አይገባውም፤ ዓይን በማይደርስበት ቦታ ግን ተስፋ የተፈቀደ ነው። ሁለቱን ቦታዎች መለየት የገዥው ግዴታ ነው።

ለዚህ የሚረዳው ሐቀኛ መርማሪ ያላየውን የሚዘረዝርበት ገጽ ነው። ከነዳጅ ጋኑ ጀርባ ያለው ቦታ አልታየም፤ ዝርግ ብረቶቹ አልወጡም፤ የኪሉ ብሎኖች አልተነቀሉም። መርማሪ ባለቤቱ ሳይፈቅድለት የሰው ንብረት ሊፈታ አይችልምና ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም። ብዙ ገዥ ይህን ገጽ ሳያነብ ያልፈዋል፤ የዘገባው ልብ ግን እርሱ ነው። በዚያ ከተጻፈው ውስጥ በገንዘብና በትዕግሥት ሊታይ የሚችል አለ፤ ሻጩን አስፈቅዶ አንድ ዝርግ ብረት ማስወጣት፣ አንድ ብሎን አስነቅሎ ማየት፣ ዕድሜያቸው ያለፈ ገመዶችን መለወጥ ይቻላል። ከዚያ በኋላም የማይታይ ይቀራል። የቀረውን ደግሞ ሰውየው ሚስቱንና ልጁን አስቀምጦ ሊያነብላቸው ይገባል። ይህን ሰምተው ቢሳፈሩ አደጋውን አብረውት ተካፈሉ እንጂ እርሱ አልጫነባቸውም፤ ሰምተው ቢቀሩም መብታቸው ነው።

ነገሩ በዚህም አያበቃም። አንድ ቀን እርሱም ያረጃል፤ ያችን ጀልባ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ያን ጊዜ የዲዮጋንና የአንቲፓትሮስ ክርክር ወደ ራሱ ይመለሳል። ዛሬ ራሱን ያታለለ ሰው ያን ዕለት ለሌላው የሚናገረው እውነት አይኖረውም፤ ማንም ያላወቀውን ሊናገር አይችልምና። የታዩትንና ያልታዩትን ቦታዎች ዝርዝር በክብር የያዘ ግን ዝርዝሩን ከቁልፉ ጋር ያስረክባል።

ያመኑት ፈረስ ሲጥል ጥፋቱ ሁልጊዜ የፈረሱ አይደለም። ጀልባም አትዋሽም፤ ላንኳኳባት ድምፅዋን ትሰጣለች። በኪሊፊ ዳርቻ ውኃው ሸሽቷል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ይመለሳል። ልጅቱ አባቷ አይቶታል ብላ ተኝታለች። የቀረው ማየቱ ነው።