ለሰነፍ የተተረተው ለታመመ አይሆንም

ልጄ፣ አገራችን ለሰነፍ የተረተችውን ያህል ለታመመ አልተረተችም። ቀን የተኛ ሰው ስናይ ከአፋችን ቶሎ የሚወጣው ማበረታቻ የሚመስል ወቀሳ ነው፤ «ተነሺ፣ ወጣ በይ፣ ፀሐይ ሙቂ፣ ይለቅሻል።» እኔም እንደምታውቂው ተረት ወዳጅ ነኝ። ለአንቺ ሕመም ግን የሚሆነውን ከማይሆነው ሳልለይ አንድም ልሰነዝር አልፈልግም።

እናትሽ በስልክ ሁሉንም ነግራኛለች። ኮሮና ከያዘሽ ወዲህ ጉልበትሽ አልተመለሰም። ሌሊቱን ተኝተሽ ስትነቂ እንዳልተኛ ሰው ነሽ። ትንሽ ከቆምሽ ያዞርሻል፤ የጀመርሽው ወሬ መሐል ላይ ይጠፋብሻል። ከሁሉ በላይ ግን ልብስ ባጠብሽ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ትወድቂያለሽ። ይህ የኋላ ግርሻ ነው ሕመሙን ከተራ ድካም የሚለየው። ተራ ድካም ሲያርፉ ይለቃል፤ ይሄኛው ከሥራው በኋላ ቀን ቆጥሮ ይመጣል። ከስድስት ወር በላይ እንዲህ ሆኖ ሲዘልቅ ሐኪሞች ኤም ኢ ወይም ሥር የሰደደ የድካም ሕመም ይሉታል። ከኮሮና በፊትም ከሌሎች ኢንፌክሽኖች በኋላ ይከተል ነበር። በአሜሪካ በ2021 እና 2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 1.3 በመቶው ይህ ሕመም እንዳለባቸው ተናግረዋል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ይበዛሉ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነቱን ልንገርሽና ይህን በሽታ የገለጠውም ገና መድኃኒት አላገኘለትም። ቢሆንም ሐኪም ዘንድ ሳትቀርቢ ስሙን ለራስሽ አትስጪ። ደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትም፣ ስኳርም፣ ሳንባ ነቀርሳም፣ ኤችአይቪም፣ ድባቴም ያደክማሉ። እነዚህ ሁሉ ሕክምና አላቸው፤ አስቀድመው ይመርመሩ። ጠበሉንም አልከለክልሽም፤ ግን በሰፈርሽ ያለው ይበቃል። የእንጦጦን ዳገት በእግር ወጥቶ መጠመቅ ለጤነኛ ነው።

ሰው አላመነኝም ብለሽ አትደነቂ። በ1955 ለንደን በሚገኘው ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ከ290 በላይ ሰዎች በተመሳሳይ ሕመም ወደቁ፤ አብዛኞቹ የዚያው የሆስፒታሉ ነርሶችና ሐኪሞች ነበሩ። ሆስፒታሉ ለሁለት ወር ያህል ተዘጋ። ከ15 ዓመት በኋላ ሁለት የአእምሮ ሐኪሞች የድሮውን ፋይል አገላብጠው፣ አንዲትም በሽተኛ ሳይመረምሩ፣ «የጅምላ መረበሽ ነው» ብለው ጻፉ። የታመሙት በብዛት ሴቶች መሆናቸውንም እንደ ማስረጃ ቆጠሩት። ሙያቸው ማከም የሆነ ሰዎችን ያላመነ ዓለም አንቺን ቢጠራጠር ምን ይገርማል!

ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በ2024 አምስተርዳም ያሉ ተመራማሪዎች ኮሮና ካለፈ በኋላ ያልዳኑ 25 ሰዎችን ብስክሌት አስነድተው፣ ከመንዳታቸው በፊትና በኋላ ከጭናቸው ጡንቻ ቁራጭ ወሰዱ። ከጤነኞች ጋር ሲያነጻጽሩ የሕሙማኑ ጡንቻ ከእንቅስቃሴው በኋላ የበለጠ ተጎድቶ፣ ኃይል የሚያመነጨው የሕዋስ ክፍልም ሥራው ቀንሶ ተገኘ። እንግዲህ «ሰነፍ» የሚልሽ ካለ ይህን ንገሪው። ለመከራከር አቅም ከሌለሽ ደግሞ ተይው፤ እኔ እነግረዋለሁ።

አሁን ከተረቶቻችን ሁሉ ለአንቺ እጅግ አደገኛ ወደሆነው ልምጣ፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» መልካም ተረት ነው፤ ልጆቼን ያሳደግሁበት ነው። በዚህ ሕመም ላይ ግን የፈረንጅ ሐኪሞችም በእሱው ሐሳብ ብዙ ሰው ጎድተዋል። በእንግሊዝ አገር 641 ሕሙማን የተካፈሉበትና በ2011 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ እንቅስቃሴን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መጨመር ያሽላል አለ። ሕሙማኑ «እኛስ እየባሰብን ነው» ብለው ጮኹ። መረጃው ይውጣ ብለው እስከ ፍርድ ደረሱ፤ በ2016 ተፈረደላቸው። ቁጥሩ እንደገና ሲሰላ ጥቅሙ እንደተወራለት ሆኖ አልተገኘም። በ2021 ናይስ የተባለው የአገሪቱ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ በታቀደ መጠን እየጨመሩ ማንቀሳቀስ ለዚህ ሕመም አይታዘዝ ሲል ወሰነ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የምንለው ይሄኔ ነው፤ እነዚያ ሕሙማን አልጋ ላይ ሆነው ባይናገሩ ኖሮ መመሪያው ዛሬም አይለወጥም ነበር።

ለአንቺ የሚሆነው ተረት የበቅሎዋ ነው፤ «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ በራሷ አሳጠረች።» የሚያስፈራኝ የደከምሽበት ቀን አይደለም፤ ደህና የሆንሽበት ቀን ነው። ያን ቀን ቤቱን ሁሉ ላገላብጠው ትያለሽ፤ ከዚያ ሳምንቱን ትተኚያለሽ፤ ከተደጋገመ ደግሞ ገመዱ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ በደህናው ቀን፣ ገና አቅም ሳለሽ አቁሚ። ሽንኩርት ቁጭ ብለሽ ክተፊ፤ ገላሽን ቁጭ ብለሽ ታጠቢ። ልብሱን አንድ ቀን እጠቢ፣ ማስጣቱን ለሌላ ሰው ተይው። አእምሮም ከዚያው ጉልበት እንደሚበላ አትርሺ። ሒሳብ መሥራት፣ እንግዳ ማጫወት፣ ስልክ ላይ አንድ ሰዓት ማውራት ሥራ ነው። ይህ ደብዳቤ ራሱ ከረዘመብሽ ለሁለት ቀን ከፍለሽ አንብቢው።

ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ መቋሚያ ያዢ፤ ሲያዞርሽ ተቀመጪ። በሰሞነ ሕማማት ስግደቱን፣ በዓቢይ ጾምም ጾሙን ስለ መያዝሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ለታመመ ሥርዓቱ ርኅራኄ አለው። ቆመሽ ሲያዞርሽ ግን የልብ ምትሽና የደም ግፊትሽ ተኝተሽም ቆመሽም እንዲለካ ሐኪሙን ጠይቂ፤ ለዚህኛው ምልክት የሚረዳ ነገር አለ።

ከሁሉ የሚከብደው ለቅሶና ሠርግ መሆኑን አውቃለሁ። በእኛ ዘንድ የቀረ ሰው ይቆጠራል፤ «እከሌ ሲሞት አልደረሰችም» የሚለው ነቀፋ ከሕመሙ በላይ ይቆረጥማል። ይህን ሸክም ለብቻሽ አትያዢው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እናትሽ ወይም ወንድምሽ በስምሽ ይድረሱ፤ አንቺ ሌላ ቀን፣ ሰው ሲቀልል፣ ለአፍታ ሄደሽ ሐዘንተኛዋን እጇን ያዢ። ድንኳን ውስጥ በጫጫታ መሐል ግማሽ ቀን ከምትቀመጪ ያ ይሻላል። ለዕድሩ ሊቀመንበርም ሕመሙን አስቀድሞ የሚያስረዳ ሰው ይላክ፤ ያላወቀ ሰው ነው የሚያማው።

ምርምሩን ልከታተል ማለትሽን ሰምቻለሁ፤ ደስ ብሎኛል። ግን ዜና ሁሉ ተስፋ አይደለም። በ2009 ሳይንስ የተባለው ታላቅ መጽሔት ኤክስ ኤም አር ቪ የሚባል ቫይረስ ከመረመሯቸው 101 ሕሙማን በ68ቱ ደም ውስጥ ተገኘ ብሎ አወጣ። ዓለም ጉድ አለ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ደጋግመው ቢፈልጉት አላገኙትም፤ ነገሩ የቤተ ሙከራ ብክለት ሆነና በ2011 ጽሑፉ ተሰረዘ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የኖርዌዮቹን ግን አከብራቸዋለሁ። በበርገን ከተማ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት በ30 ሰው ላይ ሞክረው በ2011 ተስፋ ሰጪ ውጤት አገኙ። አልዘፈኑም፤ ወደ 151 ሰው አሰፉት፤ ግማሹ መድኃኒቱን፣ ግማሹ መድኃኒቱ የሌለበት ፈሳሽ ወሰደ። ልዩነት አልታየም። በ2019 እነሱው ራሳቸው «አይሠራም» ብለው አሳተሙ። ዜና ስታነቢ፣ ስንት ሰው ላይ ተሞከረ፣ ከማን ጋር ተነጻጸረ፣ ሌላ ሰው ደግሞ አገኘው ወይ፣ ይህን የሚነግረኝ የሚሸጠው ነገር አለው ወይ ብለሽ ጠይቂ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ልብ ልትይው የሚገባ አንድ ሥራ አለ። የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሕሙማኑን ራሳቸውን የሥራው ባልደረባ አድርገው፣ በፖስታ ምራቅ እያስላኩ፣ የ15,579 ሕሙማንን ዘር መረመሩ። በ2025 ባወጡት የመጀመሪያ ውጤት ስምንት የዘር ቦታዎች ከጤነኞቹ የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ከሰውነት መከላከያና ከነርቭ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዱ ቦታ ለብቻው የሚፈይደው ጥቂት ነው፤ ምርመራም መድኃኒትም ገና አይሆንም። የተጠኑትም በዘራቸው አውሮፓውያን ናቸው። የእኛ ሰው ደም እዚያ ውስጥ የለም፤ ለአገራችን ሐኪሞችና ተመራማሪዎች የቀረ የቤት ሥራ ነው።

ዜናው ለሕይወትሽ ቀጠሮ አይሁን። ነገ መድኃኒት ይወጣል ብለሽ ትምህርቱንም ትዳሩንም አንጠልጥለሽ ከተቀመጥሽ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሆናል። በወር አንድ ቀን የምታምኚውን ጽሑፍ አንብቢ፤ በቀረው ጊዜ በዚህ አቅም ምን ይሠራል የሚለውን አስቢ። አንዳንዱ ይሻለዋል፣ አንዳንዱ ባለበት ይቆያል፤ በአንድ ወቅት ከቤት ወይም ከአልጋ የማይወጣው ከአራቱ አንዱ ያህል ነው። ልብሽ ሲጨልም፣ ሞት ሞት ሲልሽ፣ በዚያው ቀን ለሰው ተናገሪ። ለእኔ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ።

አንቺ እህቴ ደግሞ፣ ይህን ስታነቢላት እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ። ለእንቁጣጣሽ እንግዳ መጥራቱን ቀንሺ፤ ዶሮውን ሌላ ሰው ይሥራው። «ምን ሆንሽ?» እያልሽ በየሰዓቱ አትጠይቂያት፤ መጋረጃውን ዝጊ፣ ሬዲዮኑን ቀንሺ፣ ውኃ አጠገቧ አኑሪ። «ተነሺ» የሚለውን ቃል ግን ከዛሬ ጀምሮ ከቤትሽ አውጪልኝ።