ከስካር ለመላቀቅ የሚሻ ሰው ወዴት ይሂድ?

በስካር የተያዘ ሰው ለንስሐ አባቱ ከተናዘዘ በኋላ፥ እንደ እርሱ በመጠጥ ወደሚፈተኑ ሰዎች ጉባኤ ቢሄድ የካህኑን ሥልጣን እንደ መናቅ ይቈጠርበታልን? ይቈጠርበታል የሚሉ አባቶች አሉ፤ እኛ ግን አይቈጠርበትም እንላለን። የኃጢአትን ማሰሪያ መፍታት የካህን ሥልጣን ነው፤ ነገር ግን ሰውየው በመሸ ጊዜ ከመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ፥ የዚያን ጥማት ጠባይ ከራሱ ሕይወት የሚያውቅ ባልንጀራ ያስፈልገዋል።

ቢል ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ መጠጥ ከተወ ጥቂት ወራት ሆኖት ሳለ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ዓ.ም. ለንግድ ወደ አክሮን ከተማ ሄደ፤ ንግዱም አልተቃናለትም። ባረፈበት ሆቴል የመጠጥ ቤቱ ጫጫታ ይስበው ጀመር። እርሱ ግን ወደ ስልኩ ሄደና ለአንድ ቄስ ደውሎ፥ እንደ እርሱ በስካር ከሚሠቃይ ሰው ጋር እንዲያገናኙት ለመነ። በዚህም ምክንያት ከሐኪሙ ከሮበርት ስሚዝ ጋር ተገናኘ፤ ሁለቱ የጀመሩት ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል። የመግቢያ ገንዘብ የለበትም፤ መጠጥን ለመተው መሻት ብቻ ይበቃል፤ የሰውም ስም በምስጢር ይጠበቃል፤ ይህስ ለእኛ ለካህናት እንግዳ ነገር አይደለም።

አስተውሉ፤ ሰውየው የደወለው ወደ ቄስ ነበር፤ ቄሱም የሚጠይቃቸውን ሰዎች ስም ሰጠው። ዛሬ አንድ የንስሐ ልጃችን እንዲህ ብሎ ቢጠይቀን፥ በአጥቢያችን ጉባኤው በየትኛው ቀን በየትኛው ቤት እንደሚደረግ እናውቃለንን? ከሌለም፥ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ በአዘቦት ማታ ተቈልፎ ባዶውን ያድራል።