በሌላው አፍ ስለሚነገር ስድብ

በናይሮቢ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ጋዶ የተባለው የካርቱን ሠዓሊ የጀመረው «ኤክስ ዋይ ዚ» የተባለ የቴሌቪዥን ጨዋታ፥ ሹማምንትን በጎማ አሻንጉሊት እየመሰለ ዐዋቂዎችን አሥቋል። አሻንጉሊቱ ሲሰድብ ተሳዳቢው ማን ነው? መቼም ጎማ ኀጢአት የለበትም፤ የሚጠየቅበት ያናገረው ሰው ነው።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጠጅ ቤት፥ በገጠሩም ሠርግ፥ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆ ይደግመዋል። ስንኙ ጎረቤትን የሚወጋ እንደ ሆነ ሰጪው በሣቁ መካከል ይሸሸጋል፤ ቍጣው ግን በአዝማሪው ላይ ይወርዳል። «ሰው ነውና እንቢ ማለት ይችል ነበር» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የዕለት ጉርሱ በሰጪው እጅ አይደለምን? ስለዚህ ሽማግሌዎች ለዕርቅ ቢቀመጡ አስቀድሞ ሊጠራ የሚገባው ስንኙን የሰጠው ነው፤ አዝማሪው ከእርሱ ቀጥሎ ይቁም።