በሰው ሐዘን መዝፈን

ስቲቭ ማርዮት በ13 ዓመቱ ገደማ በሳምንት 8 ፓውንድ እየተከፈለው ለንደን ውስጥ በመድረክ ላይ ኪስ ያወልቅ ነበር። ተውኔቱ ከቻርልስ ዲከንስ ልብ ወለድ የተቀዳው «ኦሊቨር!» ነው፤ ከተጫወታቸው ገጸ ባሕርያት አንዱም ያ አፈ ጮሌ የኪስ ሌባ። እ.ኤ.አ. በ1947 ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ከዓሣ ቸርቻሪ አባትና ከስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ እናት የተወለደው ይህ ልጅ፣ ቀጥሎ ኢታሊያ ኮንቲ የትወና ትምህርት ቤት ገባ። በ1963 ደግሞ ፒተር ሴለርስ በሠራበት «ሄቨንስ አባቭ!» ፊልም ላይ ብቅ አለ። ወላጆቹ ልጃችን መንገዱን አገኘ ሲሉ፣ እሱ ትወናውን ትቶ ጊታሩን አነሣ። ቤተሰቡ ተቀየመው።

በ1965 «ስሞል ፌስስ»ን፣ በ1969 «ሃምብል ፓይ»ን ከጓደኞቹ ጋር መሠረተ። በሁለቱም ባንዶች ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የጮኸው የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝና ሶል ነው። በ1971 ኒው ዮርክ በሚገኘው ፊልሞር ኢስት አዳራሽ የብሉዝ ዘፋኙን የሙዲ ዋተርስን «ሮሊን ስቶን» ሲጫወቱ፣ በ1950 ሦስት ደቂቃ ገደማ ሆኖ የተቀረጸውን ዘፈን ከ15 ደቂቃ በላይ ለጠጡት።

ታዲያ በሚሲሲፒ የጥጥ እርሻ ያላደገ የለንደን ልጅ ይህን የብሉዝ ሐዘን ከየት አመጣው? በልጅነቱ ማስመሰልን ተምሮ ደመወዝ የበላበት ሰው በዘፈን ሲያለቅስ እንመነው ወይስ እናጨብጭብለት?

የተለመደው መልስ «ብሉዝ የሚዘፍነው የኖረው ሰው ነው» የሚል ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴኒ ዲድሮ ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎት፣ ከሞተ በኋላ በ1830 በታተመው ድርሰቱ ተቃራኒውን ሞግቷል። በእሱ አስተያየት ታላቅ ተዋናይ ሌላውን የሚያስለቅሰው ራሱ ስለማያለቅስ ነው፤ ስሜቱን በቁጥጥሩ ሥር ስላዋለ ነገም ከነገ ወዲያም ያንኑ መድገም ይችላል። ሁለቱ መልሶች የተራራቁ ይመስላሉ እንጂ አንድ የጋራ እምነት አላቸው፤ ሁለቱም ኑሮና ትወና በግድግዳ የተለያዩ ናቸው ይላሉ።

የብሉዝ ታሪክ ግን ይህን ግድግዳ አያውቀውም። ቢግ ቢል ብሩንዚ በ1938 በኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ሲቀርብ የአርካንሳ ገበሬ ተብሎ ነበር የተዋወቀው። እውነታው ግን ዓመታትን ቺካጎ የኖረ፣ ብዙ ሸክላ ያስቀረጸ የከተማ ሙዚቀኛ መሆኑ ነው። አድማጩ ገበሬ ፈለገ፤ እሱም ገበሬ ሆነለት።

በ1964 በእንግሊዟ ማንቸስተር የሆነው ደግሞ ይብሳል። ግራናዳ ቴሌቪዥን ለብሉዝ ዝግጅት አገልግሎት ያቆመ የባቡር ጣቢያ መርጦ የአሜሪካ ደቡብ አስመሰለው፤ ሣጥን ተደረደረ፣ ዶሮ ሳይቀር መጣ። ወጣቶቹ ተመልካቾች ከሐዲዱ ወዲህ ማዶ፣ ሙዚቀኞቹ ወዲያ ማዶ ሆኑ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ሲስተር ሮዜታ ታርፕ በፈረስ ጋሪ መጥታ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች የኤሌክትሪክ ጊታሯን አነገተች። ዕለቱ ዝናባማ ነበርና ስለ ዝናብ የሚያወሳ መንፈሳዊ መዝሙር ጀመረች። ከዶሮዎቹ እስከ ጋሪው ሁሉም ነገር ለካሜራ የተሰናዳ ነው፤ ጣቶቿ ግን ያን ዕለት የሠሩትን ሥራ ማንም ማስመሰል ነው አላለውም።

በእኛም ዘንድ ሙሾ አውራጇ ሟቹን በቅጡ ላታውቀው ትችላለች። ለቅሶ ቤት ገብታ ግጥሙን ስትደረድር ግን የሟች እኅት እንባ ይፈታል። «አንቺ ምን አገባሽ?» የሚላት የለም። ሐዘንተኞቹ ከእርሷ የሚፈልጉት ሟቹን በስሙና በሥራው እንድታነሣው ነው።

ማርዮትም የሚመዘነው በዚሁ በኩል ይመስላል። በ1968 የወጣው «ሌዚ ሰንዴይ» ዘፈኑ በትውልድ ሰፈሩ አነጋገር የተዘፈነ ነው፤ አነጋገሩን ግን እጅግ አጋንኖት የመድረክ ቀልድ አስመስሎታል። በተውሶ አሜሪካዊ ድምፅ የዘፈነው ብሉዝ ደግሞ ከአንጀቱ የወጣ ሆኖ ይሰማል። የራሱ የሆነው ትወና መሰለ፤ የተዋሰው የራሱ መሰለ። ስለዚህ «ኖሮታል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ርቀት አያስኬድም።

የሚያስኬደው «ከማን ተዋሰው? ለአበዳሪውስ ምን አለ?» የሚለው ነው። በ1966 የወጣው የስሞል ፌስስ የመጀመሪያ አልበም «ዩ ኒድ ላቪንግ» የተሰኘ ዘፈን አለበት። ዘፈኑ ዊሊ ዲክሰን ደርሶት ሙዲ ዋተርስ በ1962 ካወጣው «ዩ ኒድ ላቭ» የመጣ ነው፤ ሸክላው ላይ በደራሲነት የሰፈሩት ግን ማርዮትና ጓደኛው ሮኒ ሌን ናቸው። በ1969 ሌድ ዜፐሊን የተባለው ባንድ ከዚያው ምንጭ «ሆል ሎታ ላቭ»ን ሲያወጣም የዲክሰን ስም አልነበረም። ዲክሰን በ1985 ሌድ ዜፐሊንን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በ1987 በስምምነት ተቋጨ።

በማርዮት ጩኸት ውስጥ ውሸት መፈለግ ከንቱ ነው። ውሸቱ ያለው በወረቀቱ ላይ፣ በደራሲው ስም ቦታ ነው። የሌላውን ሐዘን በጉሮሮ መሸከምና የሌላውን ስም ማጥፋት ለየቅል ናቸው፤ አንድ ሰው በኋለኛው ሲወቀስ የፊተኛውን ሊነጠቅ አይገባም።

ማርዮት በ1980ዎቹ በትንንሽ መጠጥ ቤቶች ሲጫወት ኖሮ፣ በ1991 ኤሴክስ በሚገኘው ቤቱ በተነሣ እሳት በ44 ዓመቱ ሞተ። በ2023 ደግሞ ድምፁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስመስሎ አዳዲስ ዘፈኖችን የማውጣት ሐሳብ ተነሣ። ድምፃዊት ልጁ ሞሊ ማርዮት በአደባባይ ተቃወመች፤ የሃምብል ፓይ ባልደረባው ፒተር ፍራምፕተንም አብሯት ቆመ። የሰው ድምፅ ለብሶ የዘፈነው ልጅ አሁን ድምፁ ሊለበስ ነው። ልዩነቱ ግን አለ፤ ማርዮት ፊልሞር ላይ ሲቆም ዘፈኑን ቢያበላሽ የሚጮህበት አዳራሽ ነበረው፣ ስም ሲያስቀርም ዛሬ ድረስ ይወቀስበታል። ማሽኑ አያፍርም፤ ተጠያቂነቱ ወደሚያዝዙት ሰዎች ይዞራል። እነርሱ ደግሞ በሕይወት የሌለውን ማርዮትን ማስፈቀድ አይችሉም፤ የቀራቸው ልጁን መስማት ነው፣ እርሷም እንቢ ብላለች።